ሸይኽ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ፦ ለማንም ሹም ያልተጻፈው ኪታብ



መጽሐፍ አዘጋጅቶ የሚያሳትምለት አጥቶ በመሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው በየአካባቢያችን አይጠፋም። አንዳንዱ ገንዘብ ቸግሮት ነው። አንዳንዱ አሳታሚዎች ፕሮፖዛል አምጣ ሲሉት ምን ብሎ እንደሚጽፍ ግራ ገብቶት ነው። ሌላው ደግሞ የጻፈው እውነት የሚከፋው ባለ ጊዜ ስላለ ነው። ዛሬ የምናነሳቸው ዓሊም ከዚህ የሚብስ አይተዋል። ኪታባቸው እንዲጻፍ የጠየቁት ሰዎች ሥራው መልክ ሳይዝ ሞቱባቸው። ኪታቡ ተጽፎ ሲያበቃ ደግሞ በአገሩ የነበረው ትልቅ ማተሚያ ቤት የዚያው ኪታቡ የሚወቅሰው ገዥ ነበር።

እኚህ ዓሊም ሸይኽ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ሐሰን አል-ጀበርቲ ናቸው። ተወልደው ያደጉት፣ ኖረው የሞቱትም በካይሮ ነው። «ጀበርቲ» የሚለው መጠሪያቸው ግን ለእኛ ለኢትዮጵያ ሙስሊሞች ባዕድ አይደለም። የሂጅራ ካላልን በስተቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጀበርት እስከ አል-አዝሃር

ጀበርት በዘይላዕና በይፋት አካባቢ ለነበረው የሙስሊሞች አገር የተሰጠ ስም ነበር። ቆይቶም ከዚያ አካባቢ ለሚመጡ ሙስሊሞች ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ሸይኽ ዐብዱረሕማን ስለ ቤተሰባቸው ሲጽፉ ሰባተኛው አያታቸው ከዚህ አገር ተነስተው ባሕር ተሻግረው ወደ ጂዳ፣ ከዚያም ወደ መካና ወደ መዲና መሄዳቸውን፣ በመጨረሻም በ10ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ካይሮ መድረሳቸውን ይነግሩናል። የእኚያ አያት ስምም ዐብዱረሕማን ነበር።

በአል-አዝሃር ከየአገሩ የሚመጡ ተማሪዎች በአገራቸው ስም የተሰየመ ማደሪያ ነበራቸው፤ «ሪዋቅ» ይባላል። ለተማሪዎቹም ማደሪያና የዳቦ ድርጎ ይሰጥ ነበር። የእኛ አካባቢ ተማሪዎች የሚሰባሰቡበት ሪዋቁል ጀበርት ነው። ያ ከጀበርት የሄዱት አያት የዚህ ሪዋቅ ሸይኽ ሆኑ። ኃላፊነቱም ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ቆየ። ስለዚህ ቤተሰቡ ካይሮ ውስጥ ሁለት መቶ ዓመታት ቢያልፉትም ከአገሩ ጋር ያለው ገመድ አልተበጠሰም ነበር።

አባታቸው ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ የሐነፊ መዝሀብ ሊቅ፣ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ዐዋቂ ነበሩ። ፈረንጆች ሳይቀሩ ቤታቸው እየመጡ ሂንደሳ ይማሩ እንደነበር ልጃቸው ጽፈዋል። በአንድ ወቅት የካይሮ ገበያ ሚዛን ተዛብቶ ሲያስቸግር ሚዛኑንና ድንጋዩን መርምረው ያስተካከሉትም እሳቸው ናቸው፤ በጉዳዩ ላይም ኪታብ አዘጋጅተዋል። የልጃቸውን ሕይወት ስናነብ ይህ ነገር ደጋግሞ ትዝ ይለናል። አባት የገበያውን ሚዛን አስተካከሉ፤ ልጅ ደግሞ የሰዎችን ሥራ ሳያዛቡ ለመመዘን ዕድሜያቸውን ሰጡ።

ዐብዱረሕማን የተወለዱት በ1167 ዓመተ ሂጅራ ሲሆን ይህም 1753 ወይም 1754 ላይ ይውላል። ሸይኽ ሐሰን ብዙ ልጆች ወልደው ነበር። ለአቅመ አዳም የደረሱት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። በ1774 አባታቸው ሲሞቱ የ20 ዓመት ወጣት ነበሩ። ቤት፣ ንብረትና ብዙ ኪታብ ወረሱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አባታቸው ቤት ይገቡና ይወጡ የነበሩትን ዑለማዎች፣ ነጋዴዎችና ሹማምንት ትውውቅ ወረሱ። ይህ ትውውቅ በኋላ ለኪታባቸው ትልቅ ስንቅ ሆኗል።

ጥያቄው ከደማስቆ መጣ

በዚያ ዘመን ካይሮ ውስጥ ከነበሩት ታላላቅ ዑለማዎች አንዱ ሸይኽ ሙርተዳ አዝ-ዘቢዲ ናቸው። በትውልድ ሕንዳዊ ናቸው፤ የመን ተምረው ካይሮ ኖሩ። «ታጁል ዐሩስ» የተባለውን ግዙፍ የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። ጀበርቲ የእሳቸው ተማሪና ወዳጅ ነበሩ።

በደማስቆ ደግሞ ሙሐመድ ኸሊል አል-ሙራዲ የተባሉ የሐነፊ ሙፍቲ ነበሩ። ሙራዲ በ12ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን የኖሩ ታዋቂ ሰዎችን ታሪክ መሰብሰብ ይዘው ነበር። የሻምን ሰዎች ራሳቸው ያውቃሉ፤ የግብጽን ሰዎች ታሪክ ግን ማን ይሰብስብላቸው? ለሸይኽ ሙርተዳ ጻፉላቸው። ሸይኽ ሙርተዳም ተማሪያቸው ጀበርቲ የግብጽን ዑለማዎችና ሹማምንት የሕይወት ታሪክ እንዲያሰባስቡ አዘዟቸው።

በዛሬ ቋንቋ ብንናገረው ከአሳታሚ የመጣ የመጽሐፍ ሐሳብ ነበር። ጠያቂ አለ፤ ርዕስ አለ፤ ወሰን አለ፤ ሥራውን የሚመራ ታላቅ ሊቅም አለ። ጀበርቲ በደስታ ሥራውን ጀመሩ።

ነገር ግን በ1205 ዓመተ ሂጅራ (1791) ካይሮን ወረርሽኝ መታት፤ ሸይኽ ሙርተዳም በዚያው ሞቱ። ሙራዲ ይህን ሲሰሙ ለጀበርቲ በቀጥታ ጻፉላቸው። የሸይኹን ወረቀቶች ፈልገው ከራሳቸው ሥራ ጋር አድርገው እንዲልኩላቸውም ለመኗቸው። ጀበርቲ ፈልገው ያገኙት ያልተሟሉ ጥቂት ጥራዞችን ነበር። እነሱን እያስተካከሉ ሳለ ሌላ መርዶ ደረሰ። ሙራዲም ሞተዋል።

አሠሪውም ጠያቂውም በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ሄዱ። ጀበርቲ ልባቸው ተሰበረ። ወረቀቶቹም ለረዥም ጊዜ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ብዙ መጽሐፍ እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ይሞታል። የሚጠብቀው ሰው ሲጠፋ ጸሐፊውም ይተወዋል። ጀበርቲ ግን ቆይተው ተመለሱበት። በዚህ ጊዜ የሚያዛቸውም፣ የሚጠብቃቸውም፣ የሚከፍላቸውም ሰው አልነበረም።

ፈረንሳዮች በገቡ ጊዜ

በሐምሌ 1798 የናፖሊዮን ጦር ካይሮ ገባ። ጀበርቲ በ40ዎቹ ዕድሜያቸው አጋማሽ ላይ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን ሰባት ወራት ገደማ ሁኔታ ወዲያውኑ በአንድ አነስተኛ ኪታብ ጻፉት። ናፖሊዮን ለሕዝቡ ያወጀውን የዐረብኛ ዐዋጅ ወስደው ቃል በቃል መረመሩት። የነሕው ስሕተቱን ነቀሱ፤ ለእስልምና የቆምን ነን የሚለውንም ማታለያ አጋለጡ።

በዚያው ዓመት የካይሮ ሕዝብ ሲነሳ የፈረንሳይ ፈረሰኞች አል-አዝሃር መስጂድ ውስጥ መግባታቸውን፣ ፈረሶቻቸውን በቂብላው በኩል ማሰራቸውን፣ ኪታቦችንና ሙስሐፎችን መጣላቸውን በሐዘን መዝግበዋል። እኚሁ ሰው ፈረንሳዮች ያቋቋሙትን የጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍትም እየሄዱ ጎብኝተዋል። የኪታቦቹን ብዛትና አቀማመጥ፣ የአንባቢዎቹን ጸጥታ፣ የሙከራ መሣሪያዎቹን ጭምር ሳያዛቡ ጻፉ። ሰውነትን ድንገት የሚያንቀጠቅጠውን የኤሌክትሪክ ሙከራ ሳይቀር አስፍረውታል። ጠላት ነው ብለው ዕውቀቱን አልካዱም፤ ዐዋቂ ነው ብለውም ግፉን አልሸፈኑም።

ፈረንሳዮች የዐረብኛ ፊደል ያለው ማተሚያም ይዘው መጥተው ነበር። ዐዋጃቸውን ያትሙበት ነበር። በ1801 ሲወጡ ማተሚያው አብሯቸው ወጣ። የካይሮ ዑለማዎችም ወደ ለመዱት ቀለምና ወደ ኪታብ ገልባጮች ተመለሱ።

ሁለት ኪታቦች፣ ሁለት ዕጣ

ፈረንሳዮች ሲወጡ የዑስማኒያ ጦር ገባ። ጀበርቲ በፈረንሳዮች የመጨረሻ ዘመን በጄኔራል ሜኑ ዲዋን ውስጥ አባል ሆነው ነበር። ለአዲሶቹ ገዥዎች ይህ ጥያቄ የሚያስነሳ ነገር ነው። በዚያ ጊዜ ከወዳጃቸው ከሸይኽ ሐሰን አል-ዐጣር ጋር ሆነው «መዝሀሩት ተቅዲስ» የተባለ ኪታብ በፍጥነት አዘጋጁ። ኪታቡ ፈረንሳዮችን አጥብቆ ያወግዛል፣ ዑስማኒያዎችን ያወድሳል። የቀረበውም ለታላቁ ወዚር ለዩሱፍ ፓሻ ነው። ተቀባይነት ለማግኘት አልዘገየም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ቱርክኛ ተተረጎመ።

ይህን የምንጽፈው ሸይኹን ለመውቀስ አይደለም። ታሪካቸውን ስንናገር ግን እሳቸው ራሳቸው እንዳደረጉት ሳንሸፍን መናገር አለብን። አንድ ጊዜ ለሹም ጽፈዋል፤ መንገዱም ቀና ሆኖላቸዋል።

ከዚያ በኋላ ግን ሌላውን ሥራ ያዙ። ከ1220 ዓመተ ሂጅራ (1805) ገደማ ጀምሮ የቆዩ ወረቀቶቻቸውን አውጥተው «ዐጃኢቡል አሣር» የተባለውን ታላቁን ኪታባቸውን አቀናበሩ። የፈረንሳዮችንም ዘመን እንደገና አዩት። «መዝሀሩት ተቅዲስ» ላይ የነበረው ለዑስማኒያዎች የቀረበ ውዳሴ ቀነሰ። የዑስማኒያ ወታደሮች በሕዝቡ ላይ የፈጸሙት በደል በግልጽ ገባ። ጄኔራል ክሌበርን የገደለው የሱለይማን አል-ሐለቢ የፍርድ ሂደትም ከነሰነዱ ሰፈረ። ፈረንሳዮች ገዳዩን እጅ ከፍንጅ ይዘው እንኳ ሳይጠይቁ አለመግደላቸውን ከራሳቸው ዘመን ወታደሮች ሥራ ጋር እያነጻጸሩ ጻፉ።

የመቅድሙ ምስክርነት

የ«ዐጃኢቡል አሣር» መቅድም መጽሐፍ ለመጻፍ ለሚያስብ ሁሉ ትምህርት ነው። ዛሬ አንድ አሳታሚ በፕሮፖዛል ላይ የሚጠይቀው ሁሉ እዚያ አለ። ኪታቡ ስለ ምንድን ነው? ከየት እስከ የት ይሄዳል? ከዚህ በፊት ምን ተጽፏል? ማስረጃው ከየት ተገኘ? ለማንስ ተጻፈ? ጀበርቲ ሁሉንም መልሰዋል።

ኪታቡ ከ1100 ዓመተ ሂጅራ ይጀምራል። በመጨረሻም 1236 (1821) ደርሷል። በአራት ክፍል የየዓመቱን ክስተት ያስቀምጣል፤ በየዓመቱ መጨረሻም በዚያ ዓመት የሞቱትን ታዋቂ ሰዎች ታሪክ ያክላል። ከዚያ በፊት የነበሩ የታሪክ ኪታቦች አብዛኞቹ ከየቤተ መጻሕፍቱ ተሰርቀውና ተበትነው ስማቸው ብቻ መቅረቱን ያወሳሉ። ስለ ቀደመው ዘመን የአንድ ጸሐፊ ጥራዞች እጃቸው ገብተው ነበር። አንድ ወዳጃቸው ተውሶ ወስዶ ጠፉ። ኪታብ አውሶ ያልተመለሰለት ሁሉ ይህን ሲያነብ ሸይኹን በደንብ ይረዳቸዋል።

ታዲያ ምን አደረጉ? የዕድሜ ባለጸጎችን ጠየቁ። የመንግሥት ጸሐፊዎችን መዝገብ አገላበጡ። መቃብር ቦታ ሄደው በድንጋይ ላይ የተቀረጸውን የሞት ቀን አነበቡ። በራሳቸው ዘመን የሆነውን ደግሞ በብጣሽ ወረቀት እየያዙ አቆዩት። የሰሙት ነገር በብዙ ሰው ሳይረጋገጥ ወደ ኪታቡ አያስገቡትም ነበር። ወሬ ሲደርሰን ሳናጣራ ለማጋራት በምንቸኩልበት በእኛ ዘመን ይህ ብቻውን ትልቅ ትምህርት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ለማን እንደጻፉ የሰጡት መልስ ነው። ይህን ኪታብ ለትልቅ ሹም ለማገልገል ወይም ለወዚር ለመታዘዝ እንዳልጻፉት፣ በፍላጎት ወይም በጥቅም ተገፋፍተው ማንንም እንዳላወደሱና እንዳልወቀሱ በመቅድሙ አስታውቀዋል። ቀድሞ ለወዚር የጻፈ እጅ ይህን ሲጽፍ የሚናገረውን ያውቃል።

ባለማተሚያው ገዥ

ኪታቡ በሚጻፍበት ጊዜ ግብጽን መግዛት የጀመሩት ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ ነበሩ። በ1805 ሥልጣን የያዙት በዑለማዎችና በሕዝቡ ድጋፍ ነው። ከፊት የቆሙት ሰይድ ዑመር መክረም ነበሩ። በ1809 ፓሻው እኚህን ሰው ከካይሮ አጋዟቸው። ጀበርቲ በዚህ ጉዳይ ፓሻውን ብቻ አልወቀሱም። በቅናት ተነሳስተው በዑመር መክረም ላይ የሐሰት ክስ የፈረሙትን የራሳቸውን ባልደረቦች፣ የአል-አዝሃርን ዑለማዎች ወቀሱ። ሸይኽ አሕመድ አጥ-ጠሕጣዊ አልፈርምም በማለታቸው ከሐነፊ ሙፍቲነት መነሳታቸውንም መዘገቡ።

በ1811 መምሉኮቹ ለግብዣ ተጠርተው በምሽጉ ውስጥ ሲጨፈጨፉ ጻፉ። ለመስጂድና ለበጎ ሥራ የዋለው የወቅፍ መሬት በመንግሥት እጅ ሲገባ፣ ገበሬው የዘራውን በራሱ ፈቃድ መሸጥ ሲከለከል፣ ግብር ሲደራረብ ሁሉንም ጻፉ። የፓሻውን ብልሃትና ጉብዝና ግን አልደበቁም። ከዚህ ችሎታቸው ጋር ጥቂት ፍትሕ ቢጨመርላቸው ኖሮ የዘመናቸው ድንቅ ይሆኑ እንደነበር መስክረዋል።

በ1820 እና 1821 ገደማ ሙሐመድ ዐሊ በቡላቅ ማተሚያ ቤት አቋቋሙ። ቡላቅ ከአል-አዝሃር ሩቅ አይደለም። የመጀመሪያው መጽሐፍም በ1822 ታተመ። ጀበርቲ በ60ዎቹ ዕድሜያቸው መጨረሻ ላይ ናቸው፤ ኪታባቸው አራት ክፍል ደርሷል፤ ማተሚያ ቤቱ በቅርብ አለ። ነገር ግን ማተሚያው የመንግሥት ነው። ውዳሴ ቢጨምሩበትና የከረረውን ቢያወጡ በሩ ይከፈት ይሆን ነበር፤ መንገዱን ከዚህ በፊት አውቀውታል። አላደረጉትም። ኪታቡም እንዳለ በእጅ ጽሑፍ ቀረ።

በዚያው በ1822 ልጃቸው ኸሊል ከሹብራ በሚመጣው መንገድ ላይ ተገድሎ ተገኘ። ሕዝቡ ነገሩን ከቤተ መንግሥት ጋር አያያዘው፤ በማስረጃ የተረጋገጠ ነገር ግን የለም። እሳቸው እንዳስተማሩን ያልተረጋገጠውን እንደተረጋገጠ አንጽፍም። የምናውቀው የአባትን ሐዘን ነው። ከለቅሶ ብዛት ዐይናቸው እንደጠፋ ይነገራል። ብዕራቸውንም አስቀመጡ። በ1825 ወደ አኺራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።

ከሞታቸው በኋላ

ኪታቡ ለብዙ ዓመታት ከመታተም ታግዶ ኖረ። እስከዚያ ያቆዩት በእጃቸው እየገለበጡ የያዙት ሰዎች ናቸው። በ1838 ፓሪስ ላይ ስለ ፈረንሳዮች ዘመን የጻፉት በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ወጣ። የገዛ አገራቸው ሰው በዐረብኛ ታትሞ ሳያየው ፈረንሳዮች በቋንቋቸው አነበቡት ማለት ነው። በ1878 የፈረንሳዮቹን ዘመን የሚመለከተው ክፍል በእስክንድርያ ታተመ። በ1297 ዓመተ ሂጅራ (1879/80) ደግሞ ሙሉው ኪታብ በአራት ጥራዝ ወጣ።

የት ታተመ? ሙሐመድ ዐሊ ባቋቋሙት በዚያው በቡላቅ ማተሚያ ቤት ነው። በዙፋኑ ላይ የነበሩት የሙሐመድ ዐሊ የልጅ ልጅ ልጅ የሆኑት ኸዲቭ ተውፊቅ ነበሩ። ጸሐፊው ከሞቱ ከ50 ዓመታት በላይ አልፈዋል። ከ1888 ጀምሮ ሙሉ የፈረንሳይኛ ትርጉሙ ካይሮ ላይ ታተመ፤ የእንግሊዝኛውም በ1994 ወጣ። ዛሬ የዚያን ዘመን ግብጽ የሚያጠና ሰው ጀበርቲን ሳያነብ ማለፍ አይችልም። ቶሎ ተቀባይነት ያገኘው «መዝሀሩት ተቅዲስ» ደግሞ ባብዛኛው የሚነሳው ከታላቁ ኪታብ ጋር ለማነጻጸር ነው።

ለእኛ ምን ይላል?

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ። የመጀመሪያው ለጸሐፊዎች ነው። ፕሮፖዛል የሚባለው ነገር አያስፈራችሁ። ሸይኽ ዐብዱረሕማን በመቅድማቸው የመለሷቸውን ጥያቄዎች በቅንነት የመለሰ ሰው ፕሮፖዛሉን ጽፎ ጨርሷል። አሳታሚው ቢቀበል አልሐምዱሊላህ። ባይቀበል ግን ሥራውን አትተዉት፤ ለመቀበል ብላችሁም እውነቱን አትሽጡት። ሁለት ሦስት ቅጂ አድርጋችሁ በታመነ እጅ አስቀምጡ።

ሁለተኛው ለሁላችንም ነው። በወሎ፣ በሐረር፣ በጅማና በሌሎችም አካባቢዎች ዑለማዎቻችን የጻፏቸው ኪታቦች ዛሬም በእጅ ጽሑፍ በየቤቱ አሉ። የጀበርቲን ኪታብ ለትውልድ ያደረሱት ገልብጠው ያስቀመጡት ሰዎች ናቸው። እናንተም የአያታችሁን ሣጥን ክፈቱ። ኪታብ ካገኛችሁ ከእርጥበትና ከምስጥ ጠብቁት፤ ገጹን በጥንቃቄ ፎቶ አንሱት፤ የጻፈውንና የገለበጠውን ሰው ስም ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ መዝግቡ። አውሳችሁ እንዳይጠፋባችሁም ለማን እንደሰጣችሁት ጻፉ።

አላህ ሸይኽ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲን በራሕመቱ ይቀበላቸው። ለእኛም እውነትን የሚመዘግብ ብዕር፣ አደራን የሚጠብቅ እጅ ይስጠን። አሚን።